በሬውን ያየ ዓይን

በስልሳዎቹ መግቢያ፣ ገና በንጉሡ ዘመን፣ ከቡሬ በታች ባለው መንደራችን ቀብር በዋልንበት ቀን አንድ የእርሻ በሬ ተሰረቀ። ወዲያው አውጫጭኝ ተጠራ። ያኔ ሌባ ካልታወቀ የመንደሩ ወንድ ሁሉ መስክ ላይ ይታገዳል፤ ስም ሳይወጣ ቤቱ አይገባም። የሚጠቁም ሰው ወደ ሽማግሌ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ሰዉ የማንም ይሁን ስም ወጥቶ ወደ ጤፉ መሮጥ ነው የፈለገው።

የወጣው የወንድሜ ስም ሆነ። ስንቅ ይዤለት ስደርስ መሀል አቁመውታል። በሬውን ሲነዳ ያየው የለም። ከቀብሩ የቀረው እሱ ብቻ ስለነበር «በቃ፣ እሱ ነው» አሉ። የቀረው ንዳድ ጥሎት ነው፤ ጋቢ የደረብኩለት እኔ ነኝ። የእህት ቃል ግን አይቆጠርም።

ሴት እዚያ አትናገርም። ተናገርኩ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ዋናው ሽማግሌ፣ «በሬው ተሰርቋል አልተሰረቀም?»

«ተሰርቋል፣ አባቴ።»

«ሌላው ሁሉ ቀብር ላይ ነበር። ታዲያ ማን ቀረ?»

«መቅረትና መስረቅ አንድ ነው እንዴ? ቆዳውን ያሳዩኝ። ገመዱን ያሳዩኝ። ያየ ዓይን ያምጡልኝ።»

«ቆዳውን ለብሶት ይምጣልሽ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

«እንግዲያው እሱ ካልሆነ ማን እንደሆነ ንገሪንና ወንድምሽን ይዘሽ ግቢ» አሉኝ ሽማግሌው።

ስም ነበረኝ። ጎረቤታችን ያን ቀን ለቀብሩ ዘግይቶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ከወንዙ በኩል ሲመጣ አይቼዋለሁ። ለእናቴም ነግሬያት ነበር። ከኋላዬ ቆማ ክንዴን ጨብጣ «ጥሪው እንጂ! ምን ይዘጋሻል?» አለችኝ።

ያየሁት ግን ጭቃ ነው፤ በሬ አላየሁም። በጭቃ ብጠራው፣ በመቅረቱ ወንድሜን ከጠሩት በምን እሻላለሁ? «የማውቀው የለም» አልኩ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና ስንቁን ከእጄ ተቀበለ። ሰዉም ወደ ጤፉ ሮጠ።

ፍኖተ ሰላም ወስደው አሰሩት። ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ወህኒ ቤቱ ውስጥ በገባ የተስቦ በሽታ ሞተ። ቀብሩ እንኳ አገር ቤት አልሆነም፤ እኛ የደረሰን መርዶው ነው።

ለልቅሶ አገሩ ሁሉ መጣ፣ ለስም የቸኮሉትም። በሁለተኛው ቀን ያ ጎረቤታችን ገባ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ የሚቀመጥበት ሲፈልግ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ምን እንደምትጠብቅ አውቄያለሁ።

በሬው ያን ጊዜም አልተገኘም፣ ዛሬም አልተገኘም። መደቡ ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁለት። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ወጣች፤ እስክትሞት ድረስም ከእጄ እህል አልቀመሰችም።