ሃያ ሁለት ደቂቃ

ፍቅረ ማርያም ቤቱ ደቻቱ ዳር ነው። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው አቋርጦት ያልፋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴዎች ሸራ ዘርግተው ይቸረችሩበታል። ተራራው ላይ የዘነበ ቀን ግን፣ ከተማው ውስጥ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ድንገት ሞልቶ ከተፍ ይላል። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የፍቅረ ማርያምን ታናሽ እህት፣ የሺአረግን፣ ይዟት ሄደ። አስከሬኗ እንኳ አልተገኘም።

ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ስልክ እየጠገነ የሚኖር፣ ስልሳ ዓመት የሞላው ብቸኛ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ መዳፍ የማታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አምጥቶ፣ “ኮምፒውተር ነች ብለው ሸጡልኝ፤ ስክሪን የላት፣ ምን የላት! አቦ ውሰዳት” አለው። ወሰዳት። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ አንዱን ሲያቃጥል ሌላ እየገዛ፣ ስድስት ወር ታገለ። አሠራሯ የገባው ቀን ያሰበው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ወንዙን።

በሐርላ መንደር በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ሸለቆው ጠበብ ከሚልበት ቋጥኝ ላይ አንድ ሳጥን ተከለ። ሳጥኗ ወደ ታች ድምፅ ትልክና ነጥሮ ሲመለስ ሰምታ የውሃውን ከፍታ ትለካለች፤ በየሁለት ደቂቃው ቁጥሩን በሬዲዮ ወደ ቤቱ ትልካለች። እቤቱ ያለችው ሌላዋ ሰሌዳ ቁጥሩን ተቀብላ አሮጌ ስክሪን ላይ ታሳያለች። ውሃው ስልሳ ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጣራው ላይ የሰቀለው የአይሱዙ ክላክስ ይጮሃል። የመጀመሪያውን አንቴና ዝንጀሮ ሰበረው። ሁለተኛውን ነፋስ ጣለው። ሦስተኛው ጸና።

ማሽኑን ከማንም በፊት ያመነችው ቢሻሮ ነበረች። ከቤቱ ፊት ለፊት አሸዋው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ክላክሱ ሲጮህ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተጣራች ሰዉን ታስነሳለች። ከሰዓት በኋላ ሻይ በወተት ይዛ ትመጣና ደጁ ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን ትመለከታለች።

“ዛሬ ስንት ነው፣ ፍቅሬ?”

“አራት። ድመት እንኳ አይሰምጥበትም።”

“ወላሂ፣ ይሄ ማሽን ካንተ የበለጠ ያወራል” ትለዋለች። ይስቃሉ። ሚስት አላገባም፤ የልቡን የሚያጫውተው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ክላክሱ አምስት ጊዜ ጮኸ። ውሃ በቅጡ የመጣው አንዴ ነው። በሌሎቹ ቀናት ነጋዴው ዕቃውን ጥሎ ሮጦ፣ ቲማቲሙ ተረግጦ፣ አሸዋው ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ሰዉ ተቆጣ። “ሆን ብለህ ነው የምታባርረን” ያሉትም ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ማምሻውን ቢሻሮ መጣች፤ ሻይ አልያዘችም።

“እኔ ምንጊዜም እሮጣለሁ” አለችው። “እነሱ ግን ከእንግዲህ አይሮጡም። እውነተኛው ሲመጣ ብቻ ይጩህ። እንዲያ ማድረግ ትችላለህ?”

ይችላል። ስልሳ የሚለውን አጠፋና መቶ ሃያ ብሎ ጻፈ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ሰኞ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስክሪኑ ስልሳ ሁለት አለ። ፍቅረ ማርያም ያን ቀን ሱቅ አልሄደም ነበር። ወደ ውጭ ወጣ፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ተመልሶ ተቀመጠ። ሰባ አንድ። እጁን ክላክሱን በእጅ ወደሚያስነፋው ማብሪያ ሰደደ፤ እዚያው አቆመው። ያለፈው ዓመት ስድብ ትዝ አለው። አንድ ቁጥር ልይ፣ አለ። ስልሳ ስምንት መጣ። ወረደ ማለት ነው፣ ተነፈሰ። ሰባ። ስልሳ ዘጠኝ። ሰባ ሦስት። እንዲያ እያለ ቆየ። ከዚያ ዘጠና አራት አለ፤ ቀጥሎ መቶ ሠላሳ ሦስት፤ እጁ ማብሪያው ላይ እንዳለ ክላክሱ በራሱ ጮኸ።

ሮጦ ጣራው ላይ ወጣ። ሰዉ ዳርና ዳር እየተንጋጋ ይወጣል። ቢሻሮ መሐል ቆማ ትጣራለች። ኪንሲ የምትባለው ዓይኗ የደከመ ከሰል ሻጭ ከጆንያዋ ሥር አልተነሳችም። ቢሻሮ ወደ እሷ ስታነክስ ሄደች፤ ብብቷን ይዛ አነሳቻት። የውሃው ጩኸት በዚህ ጊዜ ይሰማል።

“ቢሻሮ! ተያት! ውጪ!” ብሎ ጮኸ። ክላክሱ ጭንቅላቱ ላይ እያንባረቀ ስለነበረ የገዛ ድምፁንም አልሰማውም።

ኪንሲን ዳር ላይ ሰዎች እጇን ይዘው ሳቧት። ከኋላ ሆና የገፋቻት ቢሻሮ ነበረች። ለሁለተኛ ጊዜ እጃቸውን ሲዘረጉ የሚይዙት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ከከተማው በታች አሸዋ ውስጥ አገኟት። በዚያው ዕለት ተቀበረች። ፍቅረ ማርያም ከቀባሪዎቹ ወንዶች ኋላ ቆሞ ዋለ። ያን ቀን የሞተው ሌላ ሰው አልነበረም። ሰዎች እየመጡ እጁን ይጨብጡታል፤ “ማሽንህ ባይኖር አልቀን ነበር” ይሉታል።

ከሳምንት በኋላ የቢሻሮ ልጅ ሃሊሞ ደጁ መጣች። አልተቀመጠችም።

“ማሽኑ ቶሎ እንዳይጮህ ያለችህ እናቴ ራሷ ነች ይላሉ። እውነት ነው?”

አዎ ብሎ ቢያልፈው ያልፍ ነበር። “ጠይቃኛለች” አለ። “ቁጥሩን የለወጥኩት ግን እኔ ነኝ። ያን ቀንም ውሃው ሲነሳ አይቻለሁ፣ ሃሊሞ። በእጄ ላስጮኸው እችል ነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።”

“ስንት ደቂቃ?”

“ሃያ ሁለት።”

ልጅቷ የሻሿን ጫፍ አጠመዘዘች። “እናቴ ቀርፋፋ ነበረች፤ ጉልበቷ” አለች። “ግን ሃያ ሁለት ደቂቃ ይበቃት ነበር።”

ይህን ብላ ሄደች። ሰውየው እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለ። የሺአረግ የሞተች ጊዜ ያላለቀሰውን ያን ቀን አለቀሰ።

ቁጥሩን ወደ ስልሳ መልሶታል። አሁን ክላክሱ ሲጮህ ሁሉም ይሮጣል፤ ውሃ ባይመጣም የሚያጉረመርም የለም። ነጋዴዎቹ አዋጥተው ሁለተኛ ክላክስ ገዝተውለታል። ፍቅረ ማርያምን ከምንም በላይ የሚያቃጥለው ይህ ነው። በየሐሰቱ ጩኸት መካከል አንድም የስድብ ቃል አይሰማም፤ ስድቡን ያኔ ችዬው ቢሆን ኖሮ እያለ ቀኑን ይገፋል።

ሃሊሞ በእናቷ ቦታ ትሸጣለች፤ አሸዋው ላይ ሳይሆን ዳር ላይ። እየሄደ ከእሷ ቲማቲም ይገዛል። ትመዝናለች፣ ትሰጠዋለች፣ ቀና ብላ አታየውም። አንድ ጠዋት ግን ፌስታሉን ስታቀብለው፣

“ጣራህ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ዛሬ አልበራም” አለችው።

መብራቱ የላይኛው ሳጥን ቁጥር ሲልክ የሚበራ ነው። በየቀኑ እንደምታየው አያውቅም ነበር። ቲማቲሙን እንደያዘ ባጃጅ ተሳፈረ፤ መንገዱ ካለቀበት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል በእግሩ ወጣ። አንድ ሽቦ ተበጥሶ ኖሯል። ቀጠለው። ከዚያ ቋጥኙ ሥር ተቀምጦ፣ በደረቁ አሸዋ ትይዩ፣ ሳጥኗ ስትለካ የምታሰማውን ቀጭን ጠቅታ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።