የኦቲሊያ ደጃፍ

የፊልም ሰዎቹ መንደራችን የገቡ ዕለት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ላም ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ መቀባት ነበር። የልጆች ፊልም ነው አሉን። እናትና አባት የሌላት አንዲት ልጅ ሻንጣ አንጠልጥላ፣ ዝይ አቅፋ፣ ቤተሰብ ፍለጋ በየደጁ ታንኳኳለች። ጭስ ማውጫው ይዘፍናል፣ ላሟ ምክር ትሰጣታለች፣ በመጨረሻ አንድ በር ይከፈትላትና ሁሉም ደስ ይለዋል። ጢማሙ ዳይሬክተር ሰብስቦን «እንደ እናንተ ያለ ደግ መንደር ያገኘነው ስንት አገር ዞረን ነው» አለ። ከኋላዬ ቆማ የነበረችው ኦቲሊያ ሁሉም እየሰማ ምራቋን እንትፍ አለች።

ኦቲሊያ የኅብረት እርሻው ላም አላቢ ነበረች። ያኔ ሁለታችንም ሃምሳ አንድ ዓመታችን ነው። ሰው አትወድም፣ ሰውም አይወዳት። ሰላም ሲሏት ለላሞቹ ትመልሳለች። ሠርግ ሲጠሯት አጥር ሥር ቆማ ሙዚቃውን ሰምታ ትሄዳለች፤ ለቅሶም ቢሆን እንደዚያው። ከአሥራ አራት ዓመቷ ወዲህ ከራሷ በር በስተቀር የማንንም ደፍ ተሻግራ አታውቅም። ወጣቶቹ እብድ ናት ይላሉ። እኛ እኩዮቿ ግን ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አውቀንም አፋችንን ዘግተን ኖረናል።

እናቷ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷን ማንም አያውቀውም። ከዓለም ጦርነቱ በፊት በኛ አገር ዘመድ የሌለውን ልጅ መንደሩ በተራ ያበላ ነበር፤ የመሬቱ ስፋት እየታየ። ቭርባዎች የሚባሉት ቤተሰቦች ሰፊ እርሻ ስላላቸው ሦስት ቀን፣ ሌሎቹ ሁለት፣ እኛ ጠባብ መሬት ስለነበረን አንድ ቀን። የመንደሩን አሥራ ሰባት በር ትዞርና እንደገና ከላይ ትጀምራለች። የእንጨት ማንኪያዋን በሽርጧ ኪስ ይዛ ትመጣለች፤ የቤቱን ማንኪያ የሚሰጣት የለም። የምትበላው ጫማ በሚወልቅበት መተላለፊያ ላይ ቆማ ነው። እኔ ገበታ ላይ ተቀምጬ በበሩ ክፍተት አያት ነበር።

አንድ ዓመት፣ የቤተ ክርስቲያናችን የንግሥ ዕለት፣ በየቤቱ ዝይ ተጠብሶ እንግዳ ሞልቶ ሳለ የተራው ቆጠራ ተምታታ ተባለ። ተምታታ ይበሉት እንጂ ማንም በበዓል ቀን እሷን እንግዳ ፊት ማቆም አልፈለገም። የዝይ ጭን በእጄ ይዤ እየጋጥኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። እናቴ «ሂጂ፣ ተራው የኛ አይደለም በያት» አለችኝ። ተራው የኛ ነበር። ሄድኩና አልኳት። ያን ቀን አሥራ ሰባቱንም በር አንኳኩታ ጦሟን አደረች። በዚያ ግርግር የማን ተራ እንደነበር እሷም አታውቅም እያልኩ አርባ አራት ዓመት ራሴን እያታለልኩ ኖሬአለሁ።

አሥራ አራት ሲሞላት ላሞቹን ጠብቂ ብለው ጣሪያው የወደቀ የእረኛ ጎጆ ሰጧት። ጣሪያውን ራሷ ከደነች። ከአንጥረኛው ዘንድ የቤተ ክርስቲያን በር ቁልፍ የሚያህል ቁልፍ አሠርታ በሩ ላይ ገጠመች። ቤቱ በወረቀት የመንደሩ ነው፤ ቁልፉ ግን የሷ ነው።

ዳይሬክተሩ ደግሞ ከቤት ሁሉ መርጦ የወደደው ያንን ጎጆ ሆነ። የመጨረሻው በር ይሄ ነው አለ። የመንደሩ ሊቀመንበር ቭርባ፣ የነዚያ የቭርባዎች ልጅ፣ እኛን አስከትሎ ደጇ ሄደ።

«ኦቲሊያ፣ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። አንዲት አርቲስት ከውስጥ ሆና ለልጅቷ ትከፍትላታለች፣ አለቀ።»

«አርቲስቷ የራሷ ቤት የላትም?»

«ቤቱ እኮ የመንደሩ ነው። ወረቀቱ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። እምቢ ካልሽ፣ ዕድሜሽ ባይደርስም ከተማ የአረጋውያን ቤት አልጋ አይጠፋም። ንጹሕ ነው፣ ሾርባም አለው።»

«ሾርባው በተራ ነው?» አለችው።

ቭርባ ፊቱ ቀላ። እሷ ቁልፉን በሽርጧ ውስጥ ጨበጠች። ቤቷን ብታጣ ሌላ ምንም እንደሌላት ሁላችንም እናውቃለን።

«ይህን በር ከኔ ሌላ ማንም አይከፍተውም» አለች። «ይከፈት ካላችሁ እኔ እከፍታለሁ።»

ዳይሬክተሩ በደስታ አጨበጨበ። የምትለውን አስጠናት፦ «ግቢ ልጄ፣ ስንጠብቅሽ ነበር።» በቃ ይሄው ነው።

በማግስቱ ጠዋት እኛ ሴቶች የበዓል ልብሳችንን ለብሰን በየደጃችን ቆምን። የፊልሟ ልጅ ብላንካ ትባላለች፤ የፕራግ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እናቷ መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ልጅቷ በየበሩ እያንኳኳች መጣች፣ እኛም የተሰጠንን ቀልድ እየተናገርን መለስናት። እኔ «ቤቴን ድመቶች ሞልተውታል፣ የኔ ቆንጆ!» አልኩ። አሳቅኩ። ያን ብዬ እንዴት እንዳላመመኝ!

የኦቲሊያን በር አንኳኳች። መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች። በሩ ተከፈተ። ኦቲሊያ በማለቢያ ሽርጧ ነበረች። ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ከልጅቷ በላይ አሻግራ እኛን አንድ በአንድ ተመለከተችን።

«ዛሬ ተራው የኛ አይደለም» አለችና በሩን ዘጋችው።

«ምንድነው ያለችው? ጽሑፉ ላይ የለም እኮ!» ዳይሬክተሩ ጮኸ። ወጣቶቹ ሳቁ። የኛ ዕድሜ ሴቶች አልሳቅንም። የእናቴ ድምፅ ነበር፤ ቁርጥ እናቴ።

ብላንካ ያጠፋች መስሏት ዝይዋን አቅፋ ከልቧ አለቀሰች። በሩ ዳግም ተከፈተ። ኦቲሊያ ልጅቷን በኮሌታዋ ይዛ ከነዝይዋ ወደ ውስጥ ሳበቻት፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ተሰማ።

እናትየው ጮኸች። ሁላችንም ተንጋግተን በሩን መደብደብ ያዝን። እኔም ደበደብኩ። በመስኮት ሳይ ልጅቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ የድንች ሾርባ አለ፣ የፕሪም ማርማላታ የተቀባ ዳቦ አለ። ኦቲሊያ ምድጃው አጠገብ ቆማ «ተቀምጠሽ ብዪ። ቀስ ብለሽ። ማንም አያስነሳሽም» ትላታለች።

«ክፈቺ!» ቭርባ ወረቀቱን አውጥቶ አውለበለበ። «ነገ ጠዋት መኪና ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን አስሪ!»

መስኮቱ ገርበብ አለ። «ጓድ ቭርባ፣ ዛሬ ተራው የናንተ አይደለም።»

ያኔ ደሜ ፈላ። በቭርባ፣ በዚያ ጢማም፣ በሰማያዊዋ ላም፣ ከሁሉም በላይ በራሴ።

«ወረቀትህን ክተት!» አልኩት። «ያንን ወረቀት ዳግም ብታወጣ፣ በሦስቱ ቀናችሁ እናትህ ምን ታበላት እንደነበር ስብሰባ ላይ ቆሜ እናገራለሁ!» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ኦቲሊያ! ያን የንግሥ ዕለት ተራው የኛ ነበር። ዋሽቼሻለሁ።»

ፊቷ ምንም አልተለወጠም።

«አውቃለሁ» አለች። «ጣትሽ በዝይ ስብ ያብረቀርቅ ነበር።»

መስኮቱን ዘጋችው።

ልጅቷ ጠግባ ስትጨርስ ከንፈሯ ማርማላታ እንደነካው ወጣች። የመጨረሻውን በር ቭርባ ቤት ቀረጹት፤ ሲኒማ ቤት ተቀምጠን ስናየው ሳናፍር አለቀስን። የአረጋውያን ቤት ወሬ ግን ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ኦቲሊያ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ እዚያው ጎጆዋ ኖረች።

በየዓመቱ የንግሥ ዕለት የዝይ ጥብስ በሳህን ይዤ ደጇ አንኳኳ ነበር።

«የማን ተራ ነው?» ትላለች ከውስጥ።

«የኛ።»

በሩን ትከፍትና ሳህኑን ትቀበለኛለች። ከዚያ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ይዞራል። በአሥራ አንዱ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ግቢ» አላለችኝም።