ጭቃ የተቀባ ቁስል

በጎማ ዛፍ እርሻው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እጀ ቀላል» ይላታል። እሷ ቅርፊቱን በቢላዋ ስትበጣ ነጩ ወተት ወደ ኩባያው ይወርዳል እንጂ ዛፉ እንኳ አያውቅም ይባልላታል። ቢላዋው ትንሽ ጠልቆ እንጨቱን ከነካ ያ ቦታ ያብጣል፤ ዳግመኛ ወተት አይሰጥም። ያቺን ትንሽ ልክ መጠበቅ ነው እንግዲህ ሙያዋ።

ዘንድሮ ግን ዓይኗ ከዳት። የሩቁን አጥርታ እያየች አፍንጫዋ ስር ያለው ቅርፊት ይደበዝዝባታል። መነጽር ልግዛ እንዳትል ፈራች። በእርሻው ልማድ መነጽር ያደረገ ሰው ከዛፍ ይነሳና ወተቱ በአሲድ ወደሚረጋበት መጋዘን ይላካል። ባሏ ከዚያ የወጣው ሳሉን ይዞ ነው። ሲስቅ ያስለዋል፤ ሰውየው ደግሞ ሳቅ አይተውም።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» አላት ጠዋት ስትወጣ። «እኔንም አጥርተሽ ባታዪኝ ይሻላል፣ ለትዳራችን በጀን።»

አልሳቀችም። ዛሬ ተቆጣጣሪው ይመጣል። ትናንት ደግሞ አንድ ዛፍ አቁስላ፣ ጭቃ ቀብታ ሸፍናዋለች። ጭቃ ቁስልን እንደሚያበሰብስ ታውቃለች፤ ስንቱን ሠራተኛ በዚሁ ስትቆጣ ኖራለች! አሁን ራሷ ስታደርገው አፈረች።

ተቆጣጣሪው ረድፉን እየተከተለ መጣና እዚያው ዛፍ ሥር ቆመ።

«ምስጥ ገባብሽ እንዴ?» አላት ጭቃውን እያየ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መድኃኒት ይረጩልሻል። ይልቅ ከሰኞ ጀምሮ አዲሶቹን ዛፎች አንቺ ነሽ የምትከፍቻቸው። ቢላዋ ነክቷቸው አያውቅም። ከአንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ግን የእነዚያ ዛፎች ቅርፊት ገና ስስ ነው፤ መጀመሪያ የተበላሸ ዕድሜውን ሙሉ ተበላሸ። ችግኝ ሳሉ የተከላቸው ደግሞ ባሏ ነው፣ ወደ መጋዘኑ ሳይዛወር፣ ደረቱ ጤነኛ ሳለ። ዛሬም «ዛፎቼ እንዴት አደሩ?» ማለት አይተውም።

ተቆጣጣሪው መንገድ ሲጀምር ጠራችው። ጭቃውን በመዳፏ ጠርጋ ቁስሉን አሳየችው።

«ምስጥ አይደለም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።»

ሰውየው ቁስሉን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ቢላዋውን ሰጠችው።

ቤት ስትገባ ባዶ እጇን አይቶ ባሏ ገባው። ለወትሮው የማያልቅበት ቀልድ ጠፋበት።

«ዛፎቼስ?» አላት።

«አልነካኋቸውም።»

ተነሳ። ከአልጋው ሥር፣ መጋዘን ሳለ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍንበትን ጨርቅ አወጣ። ውሃ ቀድቶ ያጥብላት ጀመር።