ቀይ ያልነበረው መስመር

ሰውን በሰው ፊት ማክበር ስወድ ለከት የለኝም። ጋሼን ያሳጣኋቸውም በዚሁ አመሌ ነው።

ጋሼ አገር ቤት ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በዘጠናዎቹ ፍራንክፈርት ስንገናኝ እሳቸው ኒደርራድ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ፖስታ ያከፋፍላሉ፣ እኔ ቦከንሃይም ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ። ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ የማወራው አንድ ወሬ ነበረኝ፦ ያኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ፣ ዓለም ኬንትሮስ የሚቆጥርበትን የግሪንዊች መስመር አይተውት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ረግጬዋለሁ! ቀይ ነው» ያሉኝን።

ስድስት ወዳጆች በሚኒባስ ለንደን ልንሄድ ስንነሳ «አስጎብኚያችን ጋሼ ናቸው» አልኩ። እሳቸው ግን አንዴ «ቴርሚን አለኝ» ብለው በቀጠሮ፣ አንዴ «ኡርላውብ ከለከሉኝ» ብለው በሥራ ፈቃድ፣ አንዴ ደግሞ «ጉልበቴን» ብለው አመካኙ። ትሕትና መሰለኝ። ለምኜ አስለምኜ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጥኳቸው።

ግሪንዊች ኮረብታው ላይ ስንደርስ፣ እንደ ወጋችን፣ መስመሩ ያለበት ግቢ በር ላይ የ«ይቅደሙ» ግብዣ ተጀመረ። «ጋሼ፣ ይቅደሙ!» «ኧረ እናንተ ግቡ!» «በሞቴ!» ከኋላችን የተሰለፉት ፈረንጆች አንዴ እኛን አንዴ ሰዓታቸውን ያያሉ። በመጨረሻ ገፋ አድርገን አስገባናቸው። ጋሼ ግቢው መሬት ውስጥ የተቀበረውን የብረት መስመር ሳያዩት ተራምደው አለፉ። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ቆሙና መሬት መሬቱን እያዩ ቀይ ነገር መፈለግ ጀመሩ።

ጆሮዬ ጋለ። ሁሉም ያያቸዋል። ቶሎ ብዬ «ጋሼ፣ ያኔ ቀለም ነበረው አይደል? ቀይረውታል ማለት ነው» አልኳቸው። መውጫ ሰጠኋቸው እኮ!

«ልጄ፣ አይቼው አላውቅም» አሉኝ፣ ሁሉም እየሰማ። «ካርታው ላይ ቀይ ነበር። አላውቅም ለማለት አፍሬ ዋሸሁህ።»

ወደ ብረቱ መስመር ተመልሰው መጡና አንድ እግራቸውን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርገው ቆሙ። ፎቶ ላንሳዎት ብል እንቢ አሉ። አፈርኩ፤ ከእሳቸው ይልቅ በራሴ አፈርኩ።

ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ ወረቀት አስወጡኝ። «ያን ቀን ክፍል ውስጥ የሰሙኝን ልጆች ስም ጻፍልኝ። አድራሻ እያፈላለግን ለእያንዳንዳቸው እውነቱን እጽፋለሁ» አሉ። ነገሩ ጨዋታ ሆነልኝ፤ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ እንደነበር እየተከራከርን፣ እየሳቅን፣ ከፊተኛው ረድፍ ጀመርን። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጄ ቆመ። ከእኔ ጋር ዴስክ የሚጋራው ልጅ በአብዮቱ ጊዜ ከቤቱ ተወስዶ ነበር።

«እሱ እኮ የለም፣ ጋሼ።»

«ጻፈው» አሉኝ። «እሱም ሰምቶኛል።»