የ«ኔሽ» ካርድ

ጃንዋሪ 17 ቀን 1956። ካርዱ ሦስት መስመሩ ተሞልቶ አራተኛው ባዶውን ቀርቷል።

አይዳ ራግ በእንግሊዝ አገር በደርቢሽር፣ በአንድ የድንጋይ ካባ ሰፈር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው የአገሬውን ቃላት መዝግባ እንድትልክለት ከጠየቃት ወዲህ ሠላሳ ዘጠኝ ካርድ ልካለች፤ አንዱም ለእርማት አልተመለሰባትም። አርባኛው «ኔሽ» ላይ ቆመ።

ትርጉሙን ጽፋለች፦ ብርድ የማይችል፣ ልፍስፍስ። ምንጩንም ጽፋለች፦ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው፤ ያኔ «ለስላሳ» ማለት ብቻ ነበር፤ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ለጋ ቀንበጥ ይባል ነበር፤ ስድብ የሆነው ኋላ ነው። የቀረው ቃሉ በጆሮ የተሰማበት አረፍተ ነገር ነው፤ ማን ለማን እንደተናገረው፣ ከነቀኑ።

በሰፈሩ ቃሉን ያልሰማ የለም። ካባው ውስጥ ሻርፕ ጠምጥሞ የመጣን ወንድ ጡጦ እናምጣልህ ወይ እያሉ ቁም ስቅሉን ያሳዩታል። ጎረቤቷ ኤልሲም ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ ብላ ሳቀችባት።

«የኔ ሰውዬ ድመቷን እንኳ ኔሽ ይላታል። የሱን ጻፊና ተገላገይ፣ ዳክዬዬ።» የአገሬው ሰው ወዳጁን የሚጠራው እንዲህ ነው።

አይዳ አልጻፈችም። እሷ መጨረሻ የሰማችው ሌላ ነበር። ኖቬምበር 22 ጠዋት ባሏ ዊልፍ ሻርፑን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ማሳል ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። እሷ ከምድጃው ፊቷን ሳታዞር፣ «ደግሞ ኔሽ ልትሆንብኝ ነው?» አለችው። ሳቀ። ሻርፑን ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቅሎ ወደ ካባው ወጣ። በሳምንቱ የሳንባ ምች ወሰደው።

ከቀብሩ ወዲህ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ከረመ። የኤልሲን ባል ብትጽፍ የሚያውቅባት አልነበረም። ደክሟታል፤ ለመዋሸትም፣ እውነቱን ለመጻፍም።

ያን ማክሰኞ ግን ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ ጻፈችው፦ «ደግሞ ኔሽ ልትሆንብኝ ነው? አይዳ ራግ ለባሏ ለዊልፍሬድ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1955።» ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ከዚያ ሻርፑን ከሚስማሩ አውርዳ አንገቷ ላይ ሁለቴ ጠመጠመችው። ከሥራ የሚመለሱት የካባ ሰዎች እያዩዋት ገለል ብለው አሳለፏት። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደርሳ ካርዱን ላከች፤ ግማሽ ዳቦ ገዝታም ተመለሰች።