የሟቹ ቫይብራፎን

ከከሚሴ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ከተገኘ ሰው ምሳውን ትቶ ይሳፈራል። የእኛ ሹፌር በጨለማ አልነዳም ሲል ውሎ ድንገት «አሁን ካልወጣን ነገም አንወጣም» አለና ጡሩንባውን ነፋ። ዋናው መንገድ ዳር ባጃጆቹ መብራታቸውን አጥፍተው ተደርድረዋል። ሹፌሮቹ ውስጥ መኖራቸውን ያወቅሁት ሲያስሉ ነው። የገዛ ከተማዬን እንደዚያ ዕለት ፈርቼው አላውቅም።

እናቴን እኛ ቤት አዮ ነው የምንላት። በር ድረስ አልሸኘችኝም። ልሰናበታት ስገባ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለችና፣ ከገበያ እንደተመለሰ ሰው፣ «አካም ኦልቴ?» አለችኝ፤ እንዴት ዋልክ ማለቷ ነው።

«አዮ፣ እየሄድኩ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ስትመጣ የምልህን ካሁኑ ልበለው ብዬ ነው። አላህ ያውቃል።»

ግንባሬን ሳመችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሥራዬን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቫይብራፎን ተጫዋች ነኝ። እንደ ጠረጴዛ የቆመ፣ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ብረቶች የተደረደሩበት፣ ከየብረቱ ሥር ቱቦ የተንጠለጠለበት የጃዝ መሣሪያ ነው። ጫፉ በክር በተጠቀለለ ዱላ ይመታል። ከታች የእግር ፔዳል አለው፤ ሲረገጥ ድምፁ ይለቀቃል፣ እግር ሲነሳ ይታፈናል። አባቴ ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚነግድ ሰው ነበር፤ አካውንቲንግ ተማር ብሎ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ በአንድ አዳራሽ በኩል ሳልፍ ይህን ድምፅ ሰማሁና እግሬ አልሄድም አለ። መንዙማው ካለቀ በኋላ፣ ሰዉ ዝም ሲል፣ ጆሮ ውስጥ የሚቀር ነገር አለ አይደል? እሱን መሰለኝ። መሣሪያውን የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእሳቸው ሳልለይ ተማርኩ፣ ከዚያም በየሆቴሉና በየክለቡ ስጫወት ዓመታት አለፉ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «አካውንታንት ይሆናል ብዬ ልኬው ቀጥቃጭ ሆኖ መጣ» እያለ ለነጋዴ ጓደኞቹ ያወራልኝ ነበር። ብረት ስለምመታ ነው።

ከከሚሴ በወጣሁ ሰሞን የምጫወትበት ባንድ ስዊድን ተጋበዘና ዮተቦሪ የምትባል የወደብ ከተማ ገባን። ልንመለስ ስንል የከሚሴ ስልክ ተቋረጠ። አዮ ትኑር አትኑር ሳላውቅ ቀን ቀንን ወለደ። ጓደኞቼ ሻንጣቸውን ሲዘጉ እኔ አልዘጋሁም። ስልኩ ተከፍቶ «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንተ ግን እዚያው ቆይ» ስትለኝ ጥገኝነት ጠይቄ ነበር።

ለጥገኝነቱ ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ጨዋ ወጣት ሴት ናት። አስተርጓሚው ከሌላ ከተማ በስልክ ነው የሚሰማው።

«ከየት ነህ?»

«ከከሚሴ። አማራ ክልል፣ ኦሮሚያ ዞን።»

«አማራ ነው ኦሮሚያ?»

«አማራ ክልል ውስጥ ያለ ኦሮሚያ ዞን።»

ካርታ አወጣች። «ኦሮሚያ እኮ ይኸውና እዚህ ነው።»

«እሱ ክልሉ ነው። እኛ ዞኑ ነን።»

«ስለዚህ ከኦሮሚያ ውጭ ያለ ኦሮሚያ።» ይህን ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ሁለቴ ቆመ። «ቋንቋህስ?»

«ሁለቱም።»

«በየትኛው ነው ሕልም የምታየው?»

«በሕልሜ እንደመጣው ሰው ነው» አልኳት። አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ሥራህ ምንድን ነው ስባል «ቫይብራፎን» አልኩ። አስተርጓሚው «ፎን» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ኖሮ፣ ወረቀቴ ላይ የስልክ ቴክኒሻን ተባልኩ። በኋላ የሥራ ቅጥር ቢሮው ለስልክ ጥገና ጠራኝ። «ሙዚቀኛ ነኝ» ብለው ሰውየው ፋይሉን አገላብጦ «ገባኝ፤ ስልክ ላይ ሙዚቃ ትጭናለህ» አለኝ።

የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪመጣ መጠለያ ውስጥ ነበርኩ። ምግቡ አይከፋም፣ ግን ወተቱ ምንም አይሸትም። የአገሬ የጨፋ ሜዳ ወተት፣ እቃው በወይራ የታጠነው፣ ገና ሳይጠጣ ከሩቅ ይጠራል። ሰላምታቸው ደግሞ «ሄይ» ናት፤ በቃች። እኛ ዘንድ ስለ ሰውየው ተጠይቆ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠይቆ እንደገና ወደ ሰውየው ይመለሳል። ያን ሁሉ «ሄይ» ውስጥ እንዴት እንደሚከቱት እስካሁን አልገባኝም።

ፈቃዱን ሳገኝ የቋንቋ አስተማሪዬ «ባሏ ያንተን መሣሪያ ይጫወት የነበረ አንዲት ባልቴት ክፍል ታከራያለች» አለችኝ። ሴትዮዋ ማርጋሬታ ትባላለች። በሯ ላይ አቁማ መረመረችኝ።

«ጫማ ታወልቃለህ?»

«ሙስሊም ነኝ፤ አወልቃለሁ።»

«ሽንኩርት ትጠብሳለህ?»

«የወሎ ሰው ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አዎ ማለት ነው።»

አሰበች። «መስኮት ከፍተህ» አለችና አስገባችኝ።

ምድር ቤት አወረደችኝ። መሣሪያው እንደ ጀናዛ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ቆሟል። አንሶላውን ስትገፍ ፔዳሉ ላይ ጡብ ተቀምጦ አየሁ። ምንድን ነው አልኳት።

«ስቴን እንዳይታፈን ነው» አለች።

ስቴን የሞተው ባሏ ነው። «ቢስሚላህ» አልኩ፣ ሳላስበው። ብረቶቹ ሁሉ ቀስ ብለው አጉረመረሙ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ፔዳሉ ተረግጦ ከቆየ ብረቱ ማንኛውንም ድምፅ ተቀብሎ ይመልሳል፣ እርምጃም ቢሆን፣ ሳልም ቢሆን። ቢሆንም ፀጉሬ ቆመ። ማርጋሬታ ፈገግ አለች። «ወደደህ» አለችኝ።

ክረምታቸው መጣ። ፀሐይዋ እኛ ዘንድ ዐሱር በሚሰገድበት ሰዓት ትጠፋለች። ምሳ በልቼ ስወርድ ውጭው ጨለማ ነው፣ ዝናቡም እንደኛ ነሐሴ አይጮህም፤ ዝም ብሎ መስኮቱን ይልሰዋል። ማርጋሬታ ጥግ ተቀምጣ ታዳምጠኛለች። ሁሌም ሁለት ሲኒ ታመጣለች፤ አንዱ የእኔ ይመስለኝ ነበር፣ ግን የእኔን ለብቻው ነበር የምታቀብለኝ፤ ሁለተኛው ሲኒ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ብርዱን አይታ የስቴንን ግራጫ የሱፍ ጃኬት አለበሰችኝ። ትከሻው ልክ፣ እጅጌው ልክ። ወደ ኋላ ቆም ብላ ካየችኝ በኋላ «ስቴን እዚያ ጋ ለስለስ ያደርገዋል» አለችኝ። «ያደርገው ነበር» አላለችም።

የስቴን ጓደኞች ሊያዩኝ መጡ፤ ቤዝ የሚጫወተው ላርስና አንድ ድራም መቺ፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች። በየሳምንቱ ወደቡ አጠገብ ካለ ካፌ ይጫወታሉ። ወሰዱኝ። ሙዚቃው መሐል ባዶ ቦታ ይተዉልኛል፤ የስቴን ቦታ ነው፣ እኔ ገብቼ እሞላዋለሁ። ሰው ወደደን። ሌሎች ከተሞች ጠሩን፣ ጋዜጣ ጻፈልን። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ዕድል አዲስ አበባም አላገኘሁም ነበር።

ግን እጄ ያልተማረውን መጫወት ጀመረ። አንድ ቀን ምድር ቤቱ ውስጥ ስንለማመድ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ዜማ ወጣልኝ። ላርስ ቤዙን አቆመ።

«ይህን ማን አሳየህ?»

«ማንም።»

«ስቴን ሆስፒታል ሳለ በጣቱ አልጋው ላይ ይመታው ነበር። ሌላ የሰማው ሰው የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ።»

ማርጋሬታ ከወንበሯ አልተነሳችም። የሚገርማት ነገር የሰማች አትመስልም ነበር። በማግስቱ ደረጃው ላይ ያገኘችኝ ጎረቤት «ሄይ፣ ስቴን» አለችኝ። አልታረመችም። የሚከፋው እኔም «ሄይ» ብያት ማለፌ ነው።

የካፌውን ሙዚቃ ቀድቼ በእህቴ ስልክ ለአዮ ላክሁላት። በነጋታው ደወለች።

«ደስ ይላል፣ ልጄ። ግን ሰው ቤት ተጋብዘህ እንደምትበላ ነው የምትጫወተው። ተሰብስበህ።»

«አገሩ እንደዚህ ነው፣ አዮ።»

«አገሩን አልጠየቅሁህም።»

ሳምንቱን ሙሉ መሣሪያው ጋ በቆምኩ ቁጥር ይህን ንግግሯን እሰማ ነበር።

በጋቸው ሲቃረብ በአንድ ትልቅ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት ኮንሰርት ነበረን። ጃኬቱን ለብሼ ወጣሁ። አስተዋዋቂው የሁላችንንም ስም ጠራና በመጨረሻ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «ስቴን» አለ። ማንም አልሳቀም። አጨበጨቡ፣ እኔም እጅ ነሳሁ።

ቀስ ያለው ሙዚቃ ላይ ባዶው ቦታ መጣ። እጆቼ ያን የሆስፒታል ዜማ ይዘው ሄዱ። ቀና ስል ማርጋሬታ ከፊት ባለው ወንበር ላይ ናት፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ እኔ ልመታው ያለሁትን ቀድማ ትለዋለች። ከሁላችንም ውስጥ እዚያ የሌለሁት እኔ ነበርኩ።

እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ። ድምፁ ታፈነ። ከዚያ በባቲ ቅኝት አንድ መንዙማ ጀመርኩ፣ ጨፋ መውሊድ ላይ አጎቴ የሚያወጣውን፣ ሰዉ በጭብጨባ የሚቀበለውን። ላርስ ጠፋበት፣ ፈልጎ ፈልጎ ተወው። ድራም መቺው ዱላዎቹን አስቀምጦ በመዳፉ ያዘልኝ። ከሚሴን ለቅቄ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማደርገውን አወቅሁ። ማርጋሬታ ተነሳች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ በመሐሉ መተላለፊያ ወጥታ ሄደች።

ቤት ስገባ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ጡቡ ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ገና ውሃው አልደረቀም።

«ዛሬ ሞተ» አለችኝ።

«አላህ ይማረው» አልኩ፣ በአማርኛ።

«ምን ማለት ነው?» አለች። ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ጥሩ ነው። እኔ ያንን ማለት አልቻልኩም ነበር።» ከዚያ እጄን ያዘች፤ እጇ በረዶ ነው። «እዚህ ልትኖር አትችልም። ፊትህን ባየሁ ቁጥር እሱን እፈልጋለሁ፣ አንተን ደግሞ አላይህም። መሣሪያውን ውሰደው። ጡቡን ተውልኝ።»

ወሰድኩት። አሁን ከከተማው ዳር ሶማሌና ኤርትራዊ በሚበዛበት ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ትቬትስቱጋ ይሉታል፤ ተራ ያሳለፈ ሰው ነፍስ እንዳጠፋ ነው የሚታየው። ከላርስ ጋር አሁንም እንጫወታለን፣ የራሴንም ባንድ አቁሜያለሁ፣ በስሜ ይጠሩኛል። ማርጋሬታን መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላም እንባባላለን፣ ረጅም ሰላምታ፣ አስተምሬያታለሁ። ሐምሌ ሲገባ ግን የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋ ሜዳ የሚያንጸባርቅበትን፣ የማሽላው ቅጠል በነፋስ የሚያወራውን እያሰብኩ መስኮት ላይ እውላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን ተጫውቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ቀድቼ ለአዮ ላክሁላት። ጁሙዓ ከሰገደች በኋላ ደወለች። ዝናቡ ጥሩ መሆኑን ነገረችኝ፣ የእህቴ ላም መውለዷን፣ መንገዱ ሰላም መዋሉን።

«ሙዚቃውን ሰማሽው?»

«ሰማሁት። ማሻአላህ። ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ።»

«ብቻዬን ነኝ፣ አዮ።»

«ሽማግሌውስ?»

«የቱ ሽማግሌ?»

«አብሮህ የሚመታው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው እንጂ ይሰማል። እህትህም ሰምታዋለች።» ከኋላዋ ባጃጅ አለፈ፣ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች። «እኔማ በሰው አገር ብቻህን ነህ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሳሎኑ በር ላይ ቆሜ የስቴንን መሣሪያ እያየሁ ቀረሁ። መልእክቷን ማድረስ አለብኝ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደምለው ግን አላወቅሁም።