በፋጡማ ፍላሽ ያሳበብኩት

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረውም እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ጭሮ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ በሬን ዘግቼ ኳስ እጫወት ነበር። ፕሌይስቴሽን ስላልነበረኝ ጨዋታውን በኮምፒውተር የሚያስኬድ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ከአዳማ አስመጥቼ ጫንኩ። አንድ ዓርብ አዲስ ጨዋታ ልገለብጥ ስል ዲስኩ ሞልቷል አለኝ።

ዲስኩን የሞላው መምህር አህመድ እኔ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጡት ፎልደር ነበር። መምህር አህመድ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ባልደረባችን ነበሩ፤ ገለምሶና በደሳ እየተመላለሱ የሽማግሌዎችን ትረካ በድምፅ ይቀዱ ነበር። አንዱን ከፍቼ አዳመጥኩ። አንዲት አሮጊት እየሳቁ በኦሮምኛ ስለ ሠርጋቸው ያወራሉ። ሰማኋቸው እኮ! ሰምቼ አጠፋሁ። ሁሉንም፣ እንዳይመለስ አድርጌ አጠፋሁ። ለምን? በእግሬ ላልነካኋት ኳስ።

ሰኞ መምህሩ መጥተው ፎልደሩን አጡት። ከቀዷቸው ሽማግሌዎች ሦስቱ መሞታቸውን ነገሩኝ። ያኔ አፌ ተሳሰረ? አልተሳሰረም።

"ቫይረስ ነው" አልኳቸው። "ከፋጡማ ፍላሽ የመጣ ይመስለኛል።"

ፋጡማ ጸሐፊያችን ነበረች። ፍላሿን እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ አታውቅም፤ እኔም ይህን አውቅ ነበር። ብትምል ማን ሰማት? ኃላፊው ወደ ሚኤሶ አዛወራት። የታመመች እናቷን ጭሮ ትታ ሄደች። ስትሰናበተን እኔ ጋ ቆም ብላ፣ "ወላሂ አልሰካሁም፤ አንተ እንኳ እመነኝ" አለችኝ። ሳታውቂው ይሆናል ብዬ አጽናናኋት። እኔ፣ ያጠፋሁት ሰውዬ፣ አጽናኝ ሆንኩ! ይባስ ብሎ ፋይሉን ለማስመለስ ብዙ ለፍቷል ተብዬ በስብሰባ ተጨበጨበልኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ልጅነት ነው ልበል? ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ፈራሁ ልበል? ማን ሊገድለኝ?

መምህር አህመድ ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ገበያ ላይ እያገኘኋቸው "እንዴት ዋሉ" ብቻ ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ፋጡማ ግን አለች፤ ስልኳም አለኝ። ስለዚህ እናንተ ይቅር እንዳትሉኝ፤ የምትቀየሙኝ ከሆነም ተቀየሙኝ። እስከ ዛሬ አልደወልኩላትም።